አሻንጉሊት ሠርቶ መኖር ይቻላል?

«አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል ዜና ላይ ከሰማችሁት ነገሩ ስድብ ነው። አሻንጉሊት መንግሥት፣ አሻንጉሊት ፓርላማ። የራሱ ሐሳብ የሌለው፣ ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ማለታችን ነው። ከዜና ስንወጣ ደግሞ ቃሉ የልጆች ነው፤ ለልደት ተገዝቶ በሳምንቱ ዓይኑ የሚነቀል ዕቃ። አሻንጉሊት እንደ ሙያ፣ እንደ እንጀራ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንዲት ጓደኛዬ እስክትገባበት ድረስ።

የማወራው ስለ ማንኛውም አሻንጉሊት አይደለም። እጅ ገብቶባት አፏን ስለምትከፍተው፣ ስለምታወራው፣ ፓፔት ስለምትባለው ነው።

ጓደኛዬ ልብስ ስፌት የተማረችው ከእናቷ ነው፤ ፓፔት መሥራት ደግሞ ከዩቲዩብ። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለልጆች ስለ እጅ መታጠብ የምታስተምር ፓፔት አዘዛት። ዋጋው 12 ሺህ ብር። ሥራው አልቆ ገንዘቡ ሲገባ ደወለችልኝ፤ «ና እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፣ አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ?» እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። (ኢኮኖሚክስና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው። ግን ይህን ለስንቱ ታስረዳለህ።)

ቁጭ ብለን ጻፍነው። ለፎም፣ ለጨርቅ፣ ለማስቲሽ፣ ለክርና ለትራንስፖርት 4,300 ብር ወጥቷል። የሠራችበትን ሰዓት ስልኳ ላይ መዝግባው ነበር፤ 74 ሰዓት። የቀረውን 7,700 ብር ለ74 ስናካፍለው በሰዓት 104 ብር ገደማ መጣ። «አይ፣ መጥፎ አይደለም» ተባባልን። ቡናም ጋበዘችኝ።

ችግሩ የታየን ቆይቶ ነው። ቀጣዩ ትእዛዝ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ያው 7,700 ብር ለአምስት ወር ሲካፈል በወር 1,540 ብር ይሆናል። በሰዓት ሲሰላ የሚያኖር የሚመስለው ሥራ በወር ሲሰላ የስልክ ካርድና የታክሲ ብቻ ሆነ።

በዚህ መሃል ፓፔቷ ግን ሥራ ላይ ነበረች። መጀመሪያ የድርጅቱ ካላንደር ላይ አየናት። ቀጥሎ ቲሸርት ላይ። ከዚያ ስለ ሌላ ጉዳይ በተሠራ ሌላ ቪዲዮ ላይ፣ አፏ ጥጉ ላይ ተቀዶ፣ በማይመሳሰል ጨርቅ ተለጥፎ። ጓደኛዬን ያበሳጫት ካላንደሩ አይደለም፤ ልጥፉ ነው። ደውላ «ቢያንስ ላምጣና በነፃ ልጠግናት» ስትላቸው የተሰጣት መልስ «ከፍለንሽ የለ እንዴ?» የሚል ነበር።

የሚያናድደው ነገር፣ ትክክል ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን 74 ሰዓት ምን ላይ እንደሚጠፋ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሒሳቡን ስንሠራ «ለአንድ አሻንጉሊት?» ብዬ ነበር።

ፓፔት ከሥዕል ትጀምራለች። ሥዕሉ ወደ ልክ ይቀየራል፤ ልብስ ሰፊ ወረቀት ላይ እንደሚያወጣው ዓይነት ልክ፣ ልዩነቱ እዚህ የሚለበሰው ሰውነት ጭራሽ የለም። ጠፍጣፋ ፎም ተቆርጦ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በማስቲሽ ሲገጠም ይጎብጥና ጭንቅላት ይሆናል። ግማሽ ሴንቲ ከተሳሳታችሁ አንዱ ጉንጭ ያብጣል። ከላዩ ጨርቅ ይለብሳል፣ ስፌቱ ደግሞ መታየት የለበትም። የአሜሪካዎቹ ማፔቶች ቀዳሚ ሠሪ የነበረው፣ በርትንና ኧርኒን የሠራው ዶን ሳህሊን የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ስፌቱን ጸጉራም ጨርቅ ውስጥ የሚደብቅበት መላ ነበረው። ካሜራ አፍንጫ ሥር ሲቀርብ ስፌት ከታየ ልጁ የሚያየው ጓደኛ ሳይሆን ትራስ ነው።

ከዚያ አፍ። አፍ ውስጥ ጠንካራ ሰሌዳ አለ፤ አውራ ጣት ከታች፣ አራቱ ጣቶች ከላይ። ጀማሪ ሰው ፓፔት ሲያናግር አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ያነሳል፣ ስለዚህ በየቃሉ ጭንቅላቷ ወደ ሰማይ ይነቀነቃል። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ አውሩ፤ የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ነው። ሠሪዋ ሰሌዳውን ስትቆርጥ አውራ ጣት ወደ ታች እንዲወርድ ቦታ ካልተወችለት የዓለም ጎበዝ ተዋናይ ቢመጣም አያድናትም። ክብደቱም አለ። ፓፔት የሚይዝ ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ነው የሚውለው። ውሃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ላስቲክ ከጭንቅላታችሁ በላይ አሥር ደቂቃ ያዙ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ዓይን የመጨረሻው ነው፣ ብዙ ሰዓት የሚበላውም እሱ ነው። የሳህሊን ሌላው መላ ይህ ነበር፤ ዓይኖቹና አፍንጫው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ማድረግ፣ ብሌኖቹን ደግሞ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ማስጠጋት። በጣም ጥቂት፣ ሸውራራ ሳትመስል። ያኔ ፓፔቷ አንድ ነገር ላይ የምታተኩር ትመስላለች። ብሌኑ መሃል ላይ ከተለጠፈ ግን እያየቻችሁ ያላየቻችሁ ዓይነት ትሆናለች። ጓደኛዬ የዚያችን ፓፔት ዓይን አራት ጊዜ ነቅላ ለጥፋለች። ምን ልዩነት አለው ብዬ ስከራከራት የሦስተኛውንና የአራተኛውን ፎቶ ጎን ለጎን አሳየችኝ። ዝም አልኩ።

ይህን ሥራ ማፍጠን ይቻላል? ብዙም አይቻልም። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ትርኢት ጥበባት ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሱት ነገር ነው፤ ፋብሪካ በየዓመቱ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፣ አራት ሙዚቀኛ የሚጫወተው ሙዚቃ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ አራት ሰው ይፈልጋል። የኑሮ ውድነት ሲጨምር የእጅ ሥራ ዋጋ አብሮ ካልጨመረ ሠሪው ይራባል። ስለዚህ «ዋጋ ቀንሺ» የሚባለው ምክር እዚህ አይሠራም። ጥያቄው ገንዘቡ ከየት በኩል ይመጣል የሚለው ነው።

ጂም ሄንሰን ይህን የገባው ገና በልጅነቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1955፣ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ሳለ፣ የእናቱን አሮጌ ካፖርት ቆርጦ፣ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለሁለት ከፍሎ ዓይን አድርጎ ከርሚትን ሠራ። ያኔ ከርሚት እንቁራሪት እንኳን አልነበረም፤ እንሽላሊት ቢጤ ነገር ነው። (ሄንሰን በ1960 የተመረቀው በሆም ኢኮኖሚክስ ነው። የኛ ዲፓርትመንት ሰው ነው ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።) በዋሽንግተን የአካባቢ ጣቢያ ላይ አጭር ፕሮግራም ነበረው፤ ኑሮውን የደጎመው ግን የዊልኪንስ ቡና ማስታወቂያ ነው። ስምንት ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ፣ በሁለት ፓፔቶች የተሠራ፣ ብዙ ብዙ ማስታወቂያ። ፓፔቶቹ ያው ሁለቱ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ይበልጣል። በ1969 ሰሰሚ ስትሪት ሲጀመር ገጸ ባሕሪያቱ በሄንሰን ባለቤትነት ሥር ቆዩ፤ ከአሻንጉሊትና ከመሳሰለው ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ደግሞ ከፕሮግራሙ አዘጋጆች ጋር ተካፈለ። ሰውየው የሸጠው ፎምና ጨርቅ አይደለም ማለት ነው። የሸጠው የአንድን ፍጡር አገልግሎት ነው፣ ፍጡሩ ደግሞ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሄንሰን በ1990 ሞተ፤ ዲዝኒ ማፔቶችን የገዛው በ2004 ነው፣ ሠሪው ከሞተ 14 ዓመት በኋላ። ከእናት ካፖርት የተሠራው የመጀመሪያው ከርሚት ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ግን አሁንም ገንዘብ ያመጣል።

አሁን ወደ «ከፍለንሽ የለ እንዴ» እንመለስ። የኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአዛዡ ወይም የቀጣሪው ነው ይላል። ሥራው የእኔ ነው ብሎ ስምን የማስጠራት መብት ከሠሪው ጋር ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን የአዛዡ ነው። ጓደኛዬ የፈረመችው ውል አንድ ገጽ ነበር። «አንድ አሻንጉሊት፣ ብር 12,000፣ ርክክብ በዚህ ቀን።» በቃ። ካላንደሩም ቲሸርቱም ሕጋዊ ነው። ግን እዚያው አዋጅ ላይ ያለችውን «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ሐረግ እዩዋት። ሄንሰን ያደረገው ያቺን ሐረግ መጠቀም ነው፤ በሱ አገር ሕግ፣ በሱ ቋንቋ።

«እሱ አሜሪካ ነው» የሚል ኮሜንት እየመጣ እንደሆነ ይሰማኛል። እሺ፣ ወደ ቤት እንምጣ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ፀሐይን ታስታውሷታላችሁ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የምንለው ፕሮግራም፣ ስድስት ዓመቷ ቀጭኔ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርትና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን ሲመሠርቱ ስቱዲዮ አልጠበቁም፤ ፀሐይ የተሠራችው ከካልሲ ነው። ካልሲ! በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየች፣ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ ሆነች፤ ፀሐይም በኋላ በካርቱን መልክ መጣች። እኔ የማስታውሰው ግን ያቺን የካልሲ አንገት ነው። ስትደነግጥ ትታጠፍ ነበር፣ እኔም ቤት ውስጥ የአባቴን ካልሲ አጥፌ ተቆጥቼበታለሁ።

ከፀሐይ መማር ያለብን ካልሲ ርካሽ መሆኑን አይመስለኝም። ሠሪዎቹ የገጸ ባሕሪዋ ባለቤት መሆናቸው ነው። ፓፔቷን ሠርተው አስረክበው አልሄዱም። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያሉ ቀጠሉ።

ሌላ አፍሪካዊ ምሳሌ ልጨምር፣ እሷም ቀጭኔ ናት። አድሪያን ኮህለርና ባዚል ጆንስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሃንድስፕሪንግ የተባለውን የፓፔት ቡድን በደቡብ አፍሪካ የመሠረቱት በ1981 ነው። በ2004 ከማሊው ሶጎሎን ቡድን ጋር «ቶል ሆርስ» የሚባል ቴአትር ሠሩ። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ንጉሥ ከሱዳን ያስመጣትን ቀጭኔ ስጦታ ላከ፣ ቀጭኔዋም በ1827 ከማርሴይ ፓሪስ ድረስ በእግሯ ተጓዘች። የመድረኩ ቀጭኔ ከሰው እጥፍ በላይ የምትረዝም፣ ሰዎች ውስጧ ገብተው የሚያንቀሳቅሷት ነበረች። ያቺን ቀጭኔ ያየ የለንደን ናሽናል ቴአትር ሰው ሃንድስፕሪንግን ፈረስ እንዲሠሩለት ጠየቃቸው።

ፈረሱ ጆይ ነው፤ «ዋር ሆርስ» በ2007 ለንደን ላይ ተከፈተ። ጆይ ከታጠፈ ሸምበቆና ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ ሦስት ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ጆሮው በማንሻና በሽቦ ይታጠፋል፣ እንደ ብስክሌት ፍሬን። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ምንም ሳያደርግ ሲቆም ደረቱን ተመልከቱ። ይተነፍሳል። ሠሪዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ፓፔት የምትኖረው ስትተነፍስ ነው። በ2011 ለዚህ ሥራ ልዩ የቶኒ ሽልማት ተሰጣቸው።

እኔን የሳበኝ ግን ዓመቱ ነው። ከ1981 እስከ 2007 ሃያ ስድስት ዓመት ነው። በመሃል አንዱ ሥራ ሲያልቅ ቀጣዩ እየመጣ፣ ወርክሾፑ ሳይዘጋ፣ እጆቹ ሳይዝጉ ቆዩ። ፈረሱ ከተሠራ በኋላም ሥራ አላለቀም፤ ትርኢት በየምሽቱ ሲታይ ሸምበቆ ይሰበራል፣ ሽቦ ይላላል፣ ሌላ ከተማ ላይ ሲከፈት ሌላ ፈረስ ይሠራል። የዚህ ሙያ ቋሚ እንጀራ ያለው ጥገና ውስጥ ነው። ጓደኛዬ የተከለከለችው ያንን ነው፤ በነፃ ልሥራ ብላ እንኳ።

እስካሁን የሠሪዋን ወገን ይዤ ነበር። አሁን አዛዡም እየከሰረ መሆኑን ላሳይ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሰማው የራሱ ኪስ ሲነካ ነው። ሥዕል እየተሳለ የሚሠራ ካርቱን ለአንድ ሰከንድ 12 ወይም 24 ሥዕል ይፈልጋል፤ ሁለተኛዋ ደቂቃ እንደ መጀመሪያዋ ታደክማለች። ፓፔት ግን ተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያዋ ደቂቃ 74 ሰዓትና 12 ሺህ ብር ትፈጃለች። ሁለተኛዋ ደቂቃ የምትፈጀው አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደቂቃ ነው። በአማርኛ ተቀርጾ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ድምፅ ቢገባበት የፓፔቷ አፍ ቅሬታ የለውም፤ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። እንግዲህ ውዱን ክፍል ከፍለህ፣ ርካሹን ክፍል ሳትጠቀምበት፣ አንድ ቪዲዮ ቀርጸህ ፓፔቷን ስቶር ውስጥ መቆለፍ ምን ይባላል? አውቶቡስ ገዝቶ አንድ ጊዜ ብቻ ደርሶ መልስ ተጉዞ ማቆም ነው። የሚሆነው ግን ይኸው ነው፤ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፣ በሐምሌ ሌላ ፕሮጀክት፣ ሌላ አሻንጉሊት፣ ሌላ ስም። ልጁ አንዷን ሳይለምዳት ሌላ ትመጣለች።

ልጅ ደግሞ የሚማረው ከለመደው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2002 የሰሰሚ ስትሪት ቅጂ በሆነው «ታካላኒ ሰሰሚ» ላይ ካሚ የምትባል ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ፓፔት መጣች፤ ዕድሜዋ አምስት ዓመት። ለአንድ ዘመቻ ብቅ ብላ አልጠፋችም። ልጆቹ ጋ ቀረች፣ ተጫወተች፣ ጓደኛ ሆነች። አንድ ፖስተር ላይ ብቻ ብትሆን ኖሮ ማን ያስታውሳት ነበር?

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይህን ሁሉ ሒሳብ ገልብጦታል የምትሉኝ አላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ የምትናገር ቀጭኔ ማውጣት ይቻላል፣ የካርቱን ደቂቃም እየረከሰ ነው። ለስክሪን ብቻ ከሆነ ፉክክሩ ከባድ መሆኑን ለጓደኛዬም ነግሬያታለሁ። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ ሌላ ፓፔት ይዛ ሰፈር ውስጥ ወዳለ መዋዕለ ሕፃናት ወሰደችኝ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። ከጓደኛዬ ፊት አንዳቸውም አላዩም፤ እጇ ላይ ያለችውን ብቻ ነበር የሚያዩት። አንዷ ተነስታ ለፓፔቷ ጆሮ ውስጥ ምስጢር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት ጓደኛዬ እስካሁን አልነገረችኝም፤ «ለእኔ አይደለም የተነገረው» አለች።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ለሠሪዎች የምለው አጭር ነው፤ አንድ ገጽ ውል አትፈርሙ። ፓፔቷን መሸጥና ገጸ ባሕሪዋን መሸጥ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ጻፉት። ካላንደርና ቲሸርት ከተፈለገ ዋጋው ለብቻ። ጥገና በእናንተ እጅ ብቻ፣ በየስንት ወሩ እንደሆነ ተጽፎ። ስማችሁ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ይውጣ፤ ይህ ልመና አይደለም፣ አዋጁ ላይ ያለ መብታችሁ ነው። አንዳንድ አዛዥ ጥሎ ይሄዳል። አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው «ይሂድ» ማለት እንደማይቀልለት። ቢያንስ የጥገናዋን መስመር አስገቡ፤ እሷ ማንንም አታስደነግጥም፣ በየወሩ ግን እንጀራ ናት።

ለአዛዦች ደግሞ፤ ጣቢያ ሁኑ፣ ድርጅት ሁኑ፣ የልጆች ዩቲዩብ ቻናል ሁኑ፣ አሥር ፓፔት ለአሥር ፕሮጀክት ከማሠራት አንዷን ለአሥር ዓመት አሠሩ። የትምህርት ተቋማትንም አልተዋቸውም። ፕራግ የሚገኘው የትወና አካዳሚ ፓፔትን እንደ ራሱ የቻለ ትምህርት ማስተማር የጀመረው በ1952 ነው፤ አሜሪካ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ። እኛም የቴአትር ትምህርት ክፍል አለን፣ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አለን። ዲግሪ ይከፈት አላልኩም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ስፌት መኪና፣ ሠሪዎች ተገናኝተው ልክ የሚለዋወጡበት ቦታ ይበቃል ለጅማሬ። ጓደኛዬ ከእሷ ሌላ ፓፔት የምትሠራ ሰው ያገኘችው ቲክቶክ ላይ ነው፤ ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ፣ ምናልባት ፎም የሚገዙትም መርካቶ ከአንዱ ሱቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ትእዛዝ መጣላት። ውሉን ከመላኳ በፊት ላከችልኝ፣ አሁን ሦስት ገጽ ሆኗል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ጥገና» የሚል አንቀጽ አለ፤ በየሦስት ወሩ፣ በሠሪዋ እጅ ብቻ፣ የአፍ ጥግ በተለይ። «በተለይ» የምትለዋን ላስወጣት ብዬ ነበር፣ የውል ቋንቋ አይደለም። እምቢ አለች። እስካሁን አልፈረሙም።